ጣናን ከዳር ማየት ይብቃን

ጣናን አይታችሁታል?

ቆይ፣ ለመመለስ አትቸኩሉ። ባሕር ዳር ሄዳችሁ፣ ሐይቁ ዳር ካለ መዝናኛ ቤት ተቀምጣችሁ፣ የተጠበሰ ዓሣ በአዋዜ በልታችሁ፣ በቀዝቃዛ ቢራ አወራርዳችሁ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ አምስት ስድስት ፎቶ ተነስታችሁ ከሆነ የተመለሳችሁት፣ ያያችሁት ጣናን ሳይሆን የጣናን ዳር ነው። ጎበዝ ከሆናችሁ ደግሞ በማግስቱ በኮንትራት ሞተር ጀልባ ለሦስት ሰዓት ወጣ ብላችሁ፣ አንድ ሁለት ገዳም ተሳልማችሁ፣ የጉማሬ ጀርባ ከሩቅ አይታችሁ፣ ለምሳ ከተማ ገብታችኋል። እሱም ያው ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ባሕር ዳር የተመለሰ ሰው ሐይቁን አልተሻገረም። በር ላይ ቆሞ እጁን ታጥቦ ሲያበቃ "ግብዣው እንዴት ነበር?" ሲሉት "ደስ ይል ነበር" ብሎ እንደሚመልስ እንግዳ ነው።

የዛሬው ነገሬ አንድ ነው። ጣና መንገድ ነው። ዳርና ዳሩን ከተሞች የተቀመጡበት፣ ሰው ገበያ የሚሄድበት፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርስበት፣ ቡናና እህል የሚጫንበት መንገድ። እኛ ከተሜዎቹ ግን የፎቶ መጋረጃ አድርገነዋል። ይሄ ልማዳችን ደግሞ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሐይቁን ራሱን ዋጋ አስከፍሎታል። እንዴት እንደሆነ ቀስ እያልን እንደርስበታለን።

መጀመሪያ ስለ ልኩ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን ልኩን አናውቀውማ። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የአዲስ–አዳማን ፈጣን መንገድ አስቡት፤ ያንን ሁሉ መንገድ በውኃ ሙሉት፤ ጎኑን ደግሞ እስከ 66 ኪሎ ሜትር አስፉት። ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ ውኃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ጠባዩ ያስቸግራል። ጠዋት መስታወት መስሎ ይውላል ስትሉት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባችሁን እንደ ወንፊት ያርገፈግፋታል። የጣና ጀልበኞች "ማለዳ እንነሳ" ብለው የሚጨቀጭቁን ለዚህ ነው እንጂ እንቅልፋችንን ጠልተው አይደለም።

አሁን ወደ ዘመናችን ጥንዶች ልምጣ። የዘንድሮ ሠርግ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አዳራሹ፣ ዲኮሩ፣ ሊሞዚኑ፣ ካሜራ ማኑ፣ ፎቅ የሚያክለው ኬክ… ከዚያ ጫጉላ ይከተላል። ቢቻል ዱባይ፣ ካልተቻለ ሐዋሳ ወይ ቢሾፍቱ ሪዞርት ገብቶ ሦስት ቀን ገንዳ ዳር መጋደም። ክፉ ነገር ነው አላልኩም፤ የደከመው ይጋደም። ግን እስቲ በሞቴ አስቡት፤ ሁለት ሰዎች አብረው መኖር ሲጀምሩ የሚጠቅማቸው ጎን ለጎን መጋደም ብቻ ነው? ወይስ አንድ ሁለት ቀን ኔትወርክ በማይደርስበት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በማያውቁበት መንገድ ላይ እየተጋገዙ መጓዝ? ጀልባ ለትዳር ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ተኳርፎ የሚኬድበት ሌላ ክፍል የለውም። "እናቴ ቤት ሄድኩ" ማለት አይቻልም። የግድ ታርቃችሁ ትወርዳላችሁ።

እኔና ባለቤቴ ይሄን በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሞክረነዋል። ያኔ የጣና የሕዝብ መርከብ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ይነሳ ነበር። ዘጌንና ደቅን እየነካ ሄዶ ቁንዝላ ያድራል፤ ሰኞ ጉዞውን ቀጥሎ በደልጊ በኩል ጎርጎራ ይገባል። የእኛዋ እሑድ ጳጉሜ 4 ነበረች። ጎርጎራ የምንደርሰው በጳጉሜ 5፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቻችን "በክረምት ሐይቅ ላይ? አበዳችሁ እንዴ?" አሉን። የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ የተደነቁት በክረምቱ አልነበረም። "በሕዝብ መርከብ? ለምን ኮንትራት አትይዙም?" ነበር ያሉን።

እንቁጣጣሽ ስለደረሰ መርከቡ ገበያ መስሎ ነበር። እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ዓይናቸው የፈዘዘ በጎች፣ የዘይት ጀሪካን፣ የለስላሳ ሣጥን፣ የቆርቆሮ ክምር፣ ለልጆች የተገዛ አዲስ ልብስ በፌስታል። ከአጠገባችን የተቀመጡ እናት ትንሽ ሲያጤኑን ቆዩና ጠየቁን።

"የማን ዘመድ ናችሁ?"

"ዘመድ እንኳ የለንም እማማ፤ ለማየት ነው የመጣነው" አለች ባለቤቴ።

"ምኑን?"

"ሐይቁን።"

ሴትዮዋ ውኃውን ዞር ብለው አዩት፤ መልሰው እኛን አዩን። "ልጄ፣ ሐይቅ ደሞ ይታያል? ይሻገሩታል እንጂ።"

እኔ ይሄን ሁሉ ወረቀት የምጨርስበትን ነገር እማማ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

የመጀመሪያው ማረፊያ ዘጌ ነው። ዘጌ ቡናው ጫካ የሆነበት፣ ጫካው ቡና የሆነበት ምድር ነው። ትውፊቱ እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ የኖረውም ከዚሁ ትውፊት ጋር ተያይዞ ነው። ታሪኩን እመኑት አትመኑት የእናንተ ፈንታ፤ ውጤቱ ግን ዓይናችሁ ፊት ቆሟል። ዙሪያው ያለው አገር ዛፉ ሲመናመን ዘጌ ደኑን ይዞ ቆይቷል። የደን ጥበቃ መመሪያ ማንም ሳይጽፍ በፊት አንድ ተረክ ደን ሲያድን ማየት ለእኛ ለዎርክሾፕ ትውልድ ደስ የማያሰኝ ቢሆንም ጥሩ ትምህርት ነው።

ስለ ጥንዶች እያወራሁ ግን አንድ ነገር መዝለል አልችልም። ከመርከቡ በፊት በነበረው ቅዳሜ እኛም እንደ ሰው ሁሉ ኮንትራት ጀልባ ይዘን ደሴት ለማየት ወጥተን ነበር። አስጎብኚው መጀመሪያ የወሰደን ክብራን ገብርኤል ነው። ጀልባው ደሴቱ ጋ ሲጠጋ እኔን "ና ውረድ" አለኝ፤ ወደ እሷ ዞሮ ደግሞ "እህቴ፣ እዚህ ሴት አይገባም፤ እዚሁ ጠብቂን" አላት። ይሄን የነገረን ስንከፍል አይደለም፤ ስንነሳ አይደለም፤ እግሬን ለማሳረፍ ሳነሳ ነው። እኔ የድሮ የብራና መጻሕፍት እያየሁ እሷ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጀልባ ላይ ተቀምጣ ወፍ ቆጠረች። ክፍያችን ግን እኩል ነው።

እዚህ ላይ እንግባባ። ቅሬታዬ ከገዳሙ ጋር አይደለም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሥርዓታቸው ዘመናት የተሻገረ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ። እንግዳ የቤቱን ሕግ አያወጣም። ቅሬታዬ የጣናን ጉብኝት "ደሴት አውርዶ መመለስ" ብቻ አድርገው ከሸጡልን ሰዎች ጋር ነው። ጥንዶችን ወስዶ በየደሴቱ መነጣጠል ሙያ አይደለም። ከክብራን ጎን እንጦስ ኢየሱስ አለ፤ ወንድም ሴትም ይገባል። ደብረ ማርያም አለች። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አሉ፤ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ደቅ ጥግ ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴ አለ። እሱን ያሠሩት ሴት ናቸው፤ እቴጌ ምንትዋብ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። ሥዕላቸውም እዚያው ግድግዳው ላይ፣ ከድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ይታያል። ከጣና አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ውብ ነው እየተባለ የሚመሰገነውን ያሠራች ሴት ባለችበት ሐይቅ ላይ፣ ሴት እንግዳችንን ጀልባ ላይ ወፍ የምናስቆጥረው ሰነፎች ስለሆንን ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል፣ ካልሆነም ቀድሞ መናገር ሳንቲም አይጠይቅም።

የሕዝቡ መርከብ ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም። መርከቡ የሚቆመው ሰው ወደሚኖርበት ነው፤ ሰው የሚኖርበት ቦታ ደግሞ ባልና ሚስት አብረው ይወርዳሉ። ደቅ ስንደርስ በጉና ዶሮው ወረደ፤ እልልታ ተሰማ፤ ሰው ተሳሳመ። ማታ ቁንዝላ ገባን። ቁንዝላ ሪዞርት የለም፤ ከተማዋም ትንሽ ናት። አልጋ ያዝን፤ ሽሮ በላን፤ ቡና ተፈላልን፤ ስንቀመጥ ዝናብ መጣና ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ እርስ በርስ ለመሰማማት መጮህ ነበረብን። ያወጣነው ገንዘብ ከባሕር ዳር አንድ ምሳ አይበልጥም። ግን እያንዳንዷ ብር የገባችው ሽሮውን ባሠራችው፣ ቡናውን ባፈላችው፣ አልጋውን ባነጠፈችው ሴት እጅ ነው። ቱሪዝም ቱሪዝም ሲባል የምንሰማው ነገር ሰው ጋ የሚደርሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

"ክረምት ላይ ምን ይታያል?" ለሚሉኝ ደግሞ መልስ አለኝ። ሐይቁ በክረምት ቡናማ ነው፤ አዎ። ወንዞቹ ከየተራራው የጠረጉትን አፈር ይዘው ይገቡበታል። ይሄን ቀለም ማየት ራሱ ትምህርት ነው፤ የደቡብ ጎንደርና የጎጃም ማሳ አፈር ዓይናችሁ እያየ ሲሄድ ነው። ክረምት ደግሞ የጣና ዓሦች ሠርግ ነው። በሌላ የዓለም ውኃ የማይገኙ፣ እዚሁ ጣና ውስጥ ተለያይተው የበዙ ከደርዘን በላይ የሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ የሚወጡት በዚሁ በክረምት ነው። በዚያ ሰዓት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ዓሣ አላጠመደም፤ የከርሞውን ዓሣ ከእናቱ ማሕፀን አወጣ። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ በበጋ ብቻ ጥብስ የሚበላ ሰው ይሄን አያውቅም። ምን ያድርግ? ዓሣውን የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው።

ከዳር የማየት ጣጣው በደንብ የታየው ግን በእንቦጭ ነው። እንቦጭ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው። የሠፈረው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው፤ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ በኩል። ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ገባችሁ? ዓሣ አጥማጁ መረቡ አልዘረጋ ሲለው፣ ገበሬው ከብቱን ውኃ ማጠጫ ሲያጣ፣ እኛ ባሕር ዳር መዝናኛ ቤት ተቀምጠን የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ እናነሳ ነበር። ከፎቶው ውስጥ እንቦጭ አይታይማ! አገር ምድሩ "ጣና ሊጠፋ ነው" ብሎ የጮኸው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየቀኑ ሰው ከዳር ዳር የሚመላለስበት ሐይቅ ቢሆን ኖሮ፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ሙሽራው፣ ጋዜጠኛው የሚሳፈርበት ቢሆን ኖሮ፣ ያ አረንጓዴ ምንጣፍ ገና መሐረብ ሳያክል ወሬው አዲስ አበባ በደረሰ ነበር።

ደግሞ ሐቁን ለመናገር ትውልዳችን አንድ ጊዜ ከዳር ወደ ውስጥ ገብቶ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች "ጣና ኬኛ" ብለው ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተው እንቦጭ ነቅለዋል። ፖለቲካው ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ እናውቃለን፤ ወደዚያ አልገባም። እኔ የማስታውሰው እጃቸውን ነው። "የኛ ነው" ማለት ለካ ፎቶ መነሳት ሳይሆን ጭቃ መግባት ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ጎረቤት እንሂድ፤ ሐይቅ ላይ የሕዝብ መርከብ ማስኬድ የነጭ አገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ስላለ። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ሊየምባ የምትባል መርከብ አለች። በ1913 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ተሠርታ፣ ተፈታታ፣ በሣጥን በሣጥን ሆና በባሕርና በባቡር አፍሪካ ገባች። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጠላት እንዳይወስዳት ጀርመኖቹ ራሳቸው በ1916 አሰጠሟት። እንግሊዞች በ1924 ከውኃ አወጧት፤ በ1927 አድሰው ወደ ሥራ መለሷት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሐይቁን ዳርቻ መንደሮች ስታገናኝ ኖራለች። ማላዊ ሐይቅ ላይ ደግሞ ኢላላ አለች፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውና ዓሣ፣ በቆሎና ፍራሽ ስትጭን ያረጀች። እነዚህን መርከቦች ዝነኛ ያደረጋቸው ቅንጦታቸው አይደለም። ምኑም ያላማረ፣ የሚዘገይ፣ የሚበላሽ፣ ግን የሚመጣ ነገር መሆናቸው ነው። ሕዝቡ "ኢላላ ትመጣለች" ብሎ ኑሮውን ያቀደባቸው ስለሆኑ ነው። የውጭ አገር ጥንዶች ደግሞ ከነሻንጣቸው መጥተው ከፍየል ጋር ተጋፍተው የሚሳፈሩት ይሄንኑ ፈልገው ነው።

እኛም ዘንድ ትልቅ ዜና ነበር። በ2017 ዓ.ም. "ጣናነሽ 2" የተባለች፣ 188 ሰው ትጭናለች የተባለላት መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ተጭና፣ ተራራ ወጥታ፣ ገደል ጥምዝምዝ ዞራ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ ተጉዛ ባሕር ዳር ገብታለች። ቲክቶክ ላይ መርከብ አስፋልት ላይ ስትሄድ ያላየ ሰው አለ? እኔም እንደ ሁላችሁ ተገርሜ ነው ያየሁት። በዚያ ላይ በ"ገበታ ለሀገር" ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ የቅንጦት ሪዞርት ተሠርቷል። መርከቧም ሪዞርቱም ይመቻቸው። እኔን የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ትልቅ ነገር ማምጣት እንወዳለን፤ ትንሹን ነገር በየሳምንቱ ማድረግ ያቅተናል። መርከብን መርከብ የሚያደርጋት የሰዓት ሰሌዳዋ ነው። ሐሙስ ትነሳለች ከተባለ ሐሙስ ከተነሳች መንገድ ናት። ለእንግዳና ለምረቃ ብቻ ከተነሳች ተንሳፋፊ አዳራሽ ናት። ሪዞርቱም ቢሆን እንግዳው በአውሮፕላንና በመኪና ገብቶ በዚያው ከወጣ፣ ለደልጊና ለቁንዝላ ከዱባይ ምን ይለየዋል?

አሁን አንድ መራራ ነገር ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ገብቶበታል። ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል፣ መንገድ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ "ኑ፣ ተጋቡና ጣና ላይ ሽርሽር ውጡ" የሚል ሰው ወይ አያፍርም ወይ ዜና አይሰማም። እኔ እንደዚያ አላልኩም። ዛሬ ሻንጣ አዘጋጁ አላልኩም። ግን "ሰላም ይምጣና ያን ጊዜ እናስብበታለን" የሚለውም አይዋጥልኝም። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው ጎብኚ አይደለም፤ ደሴት ላይ ምጥ የያዛት እናት ናት፤ ቡናውን ገበያ ማድረስ ያልቻለው የዘጌ ሰው ነው። ለእነዚህ ሰዎች የጣና ጀልባ ሽርሽር ሆኖ አያውቅም። ስለ ጣና መርከብ የምናወራው ስለ ፍቅረኛሞች ስናወራ ብቻ ከሆነ፣ ሰላም የመጣ ዕለትም የምንሠራው የፍቅረኛሞች ሪዞርት ብቻ ነው። ቀድመን መስመሩን የሰው ኑሮ መስመር አድርገን ካሰብነው ግን ጥንዶቹ በትርፍ ወንበሩ ይሳፈራሉ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንደኛ፣ በሐይቁ ዙሪያ የሚዞር፣ ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ የማይቀር የሕዝብ ጀልባ። ትልቅ ባይሆን ግድ የለም። ሁለተኛ፣ በየማረፊያው ሰው በሳንቃ ላይ እንደ ሰርከስ ሳይንጠላጠል የሚወርድበት መውረጃ፣ ጥላና ሽንት ቤት። ሦስተኛ፣ በየከተማው ለሁለት ሰው የሚሆን ንጹሕ አልጋ፣ ባለቤቱም የከተማው ሰው የሆነ። አራተኛ፣ ለእንግዳ እውነቱን ቀድሞ የሚናገር፣ የት ሴት እንደሚገባ የት እንደማይገባ አውቆ ጉዞውን የሚያሰናዳ አስጎብኚ።

አምስተኛም አለኝ፤ እሱን ከሁሉ በላይ አስምሩበት። ጣና ላይ ማናችንም ሳንኖር በፊት ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ሐይቁን የተሻገሩ ሰዎች አሉ፤ ነገደ ወይጦ። ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳሩ እየተገፉ፣ በንቀት ዓይን እየታዩ ኖረዋል። ወደብ ሲሠራ፣ መዝናኛ ሲሠራ፣ "የሐይቅ ዳርቻ ልማት" ሲባል ደግሞ ዳር ላይ የሚገኙት እነሱ ናቸው። የሐይቁ ልማት ሐይቁን የሚያውቁትን ሰዎች አስነስቶ ሐይቁን ከመስኮት ለሚያዩ ሰዎች ቦታ መስጠት ከሆነ፣ ይቅርብን። ያለንበት ይሻለናል።

እኛ ወጣቶቹስ? እኛ ጫጉላ ስንመርጥ፣ ለእረፍት ስንወጣ፣ የት እንደምንሄድ ስንከራከር በገንዘባችን ድምፅ እየሰጠን ነው። እስከ ዛሬ ድምፃችንን የሰጠነው ለዳር ነው። ገንዳ ዳር፣ ሐይቅ ዳር፣ መንገድ ዳር። ሰላሙን ያውርድልንና መርከቡ ሲነሳ ግን ኮንትራት አትያዙ። ከዶሮውና ከቆርቆሮው ጋር ተሳፈሩ። ከጎናችሁ የተቀመጡት እናት የማን ዘመድ እንደሆናችሁ ሲጠይቋችሁ ለመመለስ አትፈሩ። ለሁለት ቀን ስልካችሁ አይሠራም፤ አትሞቱም። ነፋስ ሲነሳ እጅ ለእጅ ትያያዛላችሁ፤ የተጋባችሁትም ለዚሁ ነው።

ጣናስ ደግ ነው፤ ከዳር ላየውም፣ ለተሻገረውም፣ ለጠጣውም እኩል ውኃ ነው። ያቺ እንክርዳድ ከሩቁ ዳር ቀስ ብላ ስትመጣበት ግን ጮኾ የሚነግርለት፣ አንድ ቀን የተሻገረው ሰው ብቻ ነው።